ከጀሪካን ላይ የተመረጠ ሰሊጥ

[የሰሊጥ ማሳ ዳር። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ በቅጽል ስሙ «ሊቁ»፣ ውሃ በሞላ ጀሪካን ላይ ሊቆም እግሩን አንስቷል። የሚስቱን ታናሽ እህት ያገባው ገበሬ «ቀስበል» እጀታውን ይዞ አልለቅም ብሏል።]

ቀስበል፦ ኧረ ጋሼ፣ የምጠጣው ውሃ ነው!

ሊቁ፦ ውሃውን መች ረገጥኩት? ጀሪካኑን ነው። እርሻ የሚታየው ከላይ ነው። እኔ ከጋቢና ሆኜ ያላየሁት ማሳ አለ?

ቀስበል፦ ወርደህስ ያየኸው አለ?

[ሊቁ ጀሪካኑ ላይ ወጣ። በየዓመቱ አረም ሲደርስ መኪናው ይበላሽበታል፤ አጨዳ ሲደርስ ይሻለዋል። ዘንድሮ ግን ሚስቱ «ጣሪያው ቆርቆሮ ካልለበሰ አባቴ ቤት እገባለሁ» ብላዋለች። አማታቸው አባባም ቆርጠውታል፦ የጋራ ማሳቸውን ታናሽ ግራና ቀኝ አድርጎ ይከፍላል፣ ታላቅ ይመርጣል፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም የየራሱን ይሠራል፤ መመለስ የለም።]

ሊቁ፦ ጉድ ፈላ! ግራው ምን ነካው? መሬቱ እኮ ይታያል! ፍየል ገብቶበታል በለኛ!

ቀስበል፦ ፍየል አልገባም። እኔ ነኝ የገባሁበት።

ሊቁ፦ አንተው በላኸው?

ቀስበል፦ ነቀልኩ እንጂ።

ሊቁ፦ የተዘራ ይነቀላል?

ቀስበል፦ የነቀልኩት ያልተዘራውን ነው።

ሊቁ፦ ያልተዘራ ከየት መጥቶ ይነቀላል? አንተ ሰው፣ ጭንቅላትህን ለማን አውሰኸው ነው?

[ሊቁ ከልቡ አዘነለት። ግን ማዘን ጣሪያ አይሆንም። ወደ ቀኝ ዞረ፦ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወገብ የሚደርስ፣ ቢጫ አበባ ጣል ጣል ያለበት። ምራቁን ዋጠ።]

ቀስበል፦ ጋሼ፣ ስለ ቀኙ አንድ ነገር ልንገርህ። እሱ ገና...

ሊቁ፦ ዝም በል! ለራስህ አስበኸው ነበር አይደል? ቀኙ የእኔ ነው!

ቀስበል፦ ገና አልታ...

ሊቁ፦ ቀኙ ብያለሁ! አለቀ፣ ደቀቀ!

ቀስበል፦ አባባ ይስሙ?

ሊቁ፦ አባባም ይስሙ፣ ሚስቴም ትስማ!

[ዘሎ ወርዶ ወደ ቀኙ ገባ። አንዱን ግንድ በፍቅር ጨበጠና እጁን እየላሰ ብቅ አለ።]

ሊቁ፦ ሰሊጥ እሾህ አለው እንዴ?

ቀስበል፦ የለውም።

ሊቁ፦ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

ቀስበል፦ አረም። ሰሊጡ ከሥሩ ነው፤ ጎንበስ ካልክ ቀጫጫውን ታየዋለህ። ሰሊጥ በልጅነቱ ደካማ ነው፤ አረም ቀድሞ ከዋጠው ምርት የለም። ዛሬውኑ ከጀመርክ ግን ይተርፍልሃል።

[በሊቁ ዓይነ ሕሊና ሚስቱ ሻንጣ ስትሸክፍ ታየችው።]

ሊቁ፦ ወንድሜ፣ ምናለ ይሄንንም አብረህ ብታርመው ኖሮ?

ቀስበል፦ ላርመው ነበር፤ አባባ ከለከሉኝ።

ሊቁ፦ ምን ብለው?

ቀስበል፦ «ቀኙን አትንካው። ያንን ሰው አርም ብንለው ይጠፋል፤ ምረጥ ብንለው ግን ማንም አይቀድመው» አሉኝ።