ጉድጓድ የማያውቀው ሞተር

ችግር የሚፈታው ከሥሩ ነው ይላሉ አላዋቂዎች። የከተማችን የመንገድ ጥገና ኃላፊ ግን አስተዋይ ሰው ስለነበሩ፣ ችግሩን በነበረበት በክብር ትተው እንዳይሰማቸው ማድረግን መረጡ።

ነገሩ የተጀመረው ኃላፊው ቀይ የስፖርት ሞተር ሳይክል የገዙ ዕለት ነው። ሞተሩ ለውድድር ሜዳ የተሠራ በመሆኑ ሞላው ድርቅ ያለ ነበር፤ ከቤት ቢሮ እስኪደርሱ ወገባቸው ለሁለት ሊከፈል ምንም አይቀረውም ነበር።

«መንገዱን ብታስጠግነው አይሻልም?» አለቻቸው ባለቤታቸው ጀርባቸውን እያሸች።

«አንቺ ደግሞ! መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ሞተሩ ግን የእኔ ነው።»

ስለዚህ ሞተሩ መካኒክ ቤት ገባ። መካኒኩ ሞላውን አላላ፣ የጎማውን ነፋስ መጠነ፣ ከጉድጓድ ሲወጣ በጉልበት እንዲስብ የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ በትልቅ ቀየረ። ኃላፊው ደግሞ በየቀኑ ጉድጓዶቹ ላይ እየወጡ እየወረዱ ይፈትኑታል። አንድ የዋህ ሠራተኛ ከጉድጓዶቹ አንዱን በጠጠር ቢሞላው «የመለኪያ መሣሪያ አበላሽቷል» ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ጉድጓዱም በአስቸኳይ ተመልሶ ተቆፈረ።

ሁሉም ነገር እንዲህ በሰመረበት ሰዓት ዱብ ዕዳ መጣ። ዋናው አለቃ መንገዱን ሊጎበኙ ነው፤ መንገዱ ካላማራቸው ኃላፊው ከወንበራቸው መነሳታቸው ነው። ወንበራቸውን ከልባቸው ይወዱት ነበርና እየሮጡ መካኒኩ ዘንድ ሄዱ።

«አለቃዬን ከኋላ አፈናጥጬ ላስጎበኛቸው አስቤአለሁ።»

«ሞላው ለእርስዎ ብቻ ነው የተለካው ጋሼ። ስንት ኪሎ ናቸው?»

«አለቃ በኪሎ ይለካል እንዴ?»

«እሺ፣ ማንን ያህላሉ?»

ኃላፊው አሰቡ። «የእቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችንን ከነሲሚንቶው።»

የግምጃ ቤቱ ሰው ተጠርቶ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንዳቀፈ ከኋላ ተቀመጠ፤ ሞላውም በዚያው ልክ ጠበቀ። ሲሚንቶው ከተገዛ ወዲህ ለመንገዱ የሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት ይህ ነበር።

የጉብኝቱ ቀን ሞተሩ ጉድጓዱን ሁሉ እየዋጠ ተንሳፈፈ። አለቃው ከኋላ ሆነው «ምንጣፍ ነው እኮ!» እያሉ ተደነቁ፤ ኃላፊውም ወንበሬ ዳነ ብለው በሆዳቸው ፈነጠዙ። ሲወርዱ አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ንግግር አደረጉ።

«በሽተኛ በሌለበት ሐኪም ምን ይሠራል? እንዲህ ያለ መንገድ ጥገና አያስፈልገውም። ከዛሬ ጀምሮ የጥገና ክፍሉ ተዘግቷል!»

ኃላፊው ክው አሉ።

«ኧረ ጉድጓድ አለ ጌታዬ! በየቦታው ሞልቷል!»

«ትሕትና አታብዛ።»

«በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ጋሪ የሚውጥ ጉድጓድ አለ!»

«አትከራከረኝ! በገዛ መቀመጫዬ አረጋግጫለሁ።»

አለቃው ሹፌራቸው ይዞ ሲጠብቃቸው ወደነበረው መኪናቸው ገብተው ገና ጥቂት እልፍ እንዳሉ፣ የፊት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ተዘፈቀ። ኃላፊው በሕይወታቸው እንዲህ ተደስተው አያውቁም። እየሮጡ ደረሱ።

«ይኸው ጌታዬ! ጉድጓድ! አላልኩዎትም?»

አለቃው ግን ወደ ጉድጓዱ ዞር ብለውም አላዩ። በቁጣ ሹፌራቸው ላይ አፈጠጡ። «በዚህ ምንጣፍ ላይ መኪና ትጥላለህ? ውረድ!» አሉና ወደ ኃላፊው ዞሩ። «አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ሥራም የለህም። ግባና ንዳ!»

መኪናው በመንገደኛ ግፊት ወጣ። ኃላፊው አዲሱ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ጥቂት እንደነዱ፣ የአለቃው ጭንቅላት ከጣሪያው ጋር ተላተመ።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» ጮኹ አለቃው።

ኃላፊው በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ። የቀድሞው ሹፌር በእግሩ ያዘግማል። መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«መንገዱማ ደህና ነው ጌታዬ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» አሉ።