የዋይኮሪ በጎችና አባ ሰዎቹስ

ሹም ንግግር በሚያደርግበት አገር ሁሉ ንግግሩን የሚያፈርስ አንድ ሰው አይጠፋም። በኒውዚላንዷ ብላፍ ወደብ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ቶርኪል ጋው ናቸው። ከተማው ግን «አባ ሰዎቹስ» ይለዋል።

ዋይኮሪ ማቀዝቀዣ ያላት የጭነት መርከብ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብላፍን የበግ ሥጋ ጭና ወደ እንግሊዝ ስትሄድ በቶርፒዶ ተመትታ ሰጠመች። ሞተሯን ዘይት የሚያጠጣው ጋው ከማቀዝቀዣው ግድግዳ በተገነጠለ የቡሽ ሰሌዳ ላይ ተንሳፍፎ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያሰጥመው አልቻለም።

በየዓመቱ በመርከቧ መታሰቢያ ቀን የሥጋ ኩባንያው ሊቀ መንበር ጉሮሮውን ይጠርጋል። «በዚያች ክፉ ቀን አርባ ሺህ በግ፣ ስምንት ሺህ ሣጥን ቅቤ...»

«ሰዎቹስ?» ይላል ጋው ከኋላ።

የመታሰቢያ ድንጋዩም እንደዚያው ነው። በጉ በቁጥር፣ ቅቤው በሣጥን ተቀርጿል፤ ሰዎቹ «እና ሠራተኞቿ» ተብለው ታልፈዋል። በግ ኢንሹራንስ አለው፤ መርከበኛ ግን ያለችው እናት ብቻ ናት።

ጋው ሰርግ ላይ የበግ ጥብስ ቢቀርብለት «የዚህስ ስሙ ተጽፏል?» ብሎ ሙሽራዋን አስለቅሷል። ቄሱ ስለ ጠፋችው በግ ሲሰብኩም አልማራቸውም።

ከሁሉ የምትበግነው ናይሪ ቱሎክ ነበረች። ባሏ ኮል ከመርከቧ ጋር ቀርቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ዓመት እንኳ በሰላም ባለቅስ ምናለበት?»

«አልቅሺ፣ ማን ያዘሽ? ግን ጮክ ብለሽ!»

ዘንድሮ ሊቀ መንበሩ ጠጋ አላት። «ወይዘሮ ቱሎክ፣ ያንን ለፍላፊ እስክንጨርስ የሆነ ቦታ ይያዙልን።» ደስ እያላት እሺ አለች። ጋው ኦይስተር ለሚባለው፣ ከዛጎሉ እየተፈለቀቀ ለሚበላው የባሕር ምግብ ነፍሱን ይሰጣል፤ እህቷ ቤት አንድ ባልዲ ሙሉ አስቀርባ ላከችው።

ሊቀ መንበሩ በጉን ቆጠረ፤ ቅቤውን ቆጠረ። ከዚያ የጋውን ጩኸት መጠበቅ ስለለመደ ራሱ ቆም አለ። ናይሪ ስንት ዘመን የተመኘችው ጸጥታ መጣ፤ ኮል ግን በውስጡ አልነበረም። ቅቤ ብቻ ነበር።

«ሰዎቹስ?»

ሁሉም ዞረ። የጮኸችው ናይሪ ነበረች።

«ወይዘሮ ቱሎክ! እርስዎም?»

«እኔን ምን ትጠራኛለህ? እሱን ጥራ! ኮል ቱሎክ በል!»

ሰውዬው ወረቀቱን አገላበጠ፤ ወረቀቱ ላይ በግ እንጂ ኮል የለም። ያኔ ከወዲያ አንዲት አሮጊት የልጃቸውን ስም ጠሩ። ከወዲህ አንዱ የወንድሙን። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ናይሪ እህቷ ቤት ስትደርስ ጋው በዛጎል ክምር ተከቦ ተቀምጧል።

«እህ፣ እንደተመኘሽው ጸጥ ያለ ነበር?»

«ጉሮሮዬ ተቃጥሏል፣ ዝም በል» አለችውና የመጨረሻዋን ኦይስተር ከእጁ ነጥቃ ጎኑ ተቀመጠች።