ጥላ የመረጠ ሰው

ሰው «ለምን መረጥከው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠውን መልስ ብዙ አትመኑ። ስለ ዓላማ ያወራል። ስለ ተመራጩ ጠባይ ያወራል። እውነቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቁርስ ስላልበላ ይሆናል። ጫማው ስለጠበበው ይሆናል።

ጎረቤታችን አባ ጥበቡ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ግንባራቸው ላይ ያረፈች ዝንብ ሊያባርሩ እጃቸውን አነሡ። «ጥቆማ አለኝ» ማለታቸው መሰለ። ማንን ይጠቁማሉ ሲባሉ ደነገጡና አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው አሳዩ። ሰውየው ተመረጠ። ይኸው እስከ ዛሬ የፍርድ ሸንጎ አባል ነው። ደግሞ ክፉ ዳኛ አይደለም። እንግዲህ ያንን ዳኛ የመረጠችልን ዝንብ ናት።

ለእኔ የመረጠችልኝ ፀሐይ ናት። እንዴት መሰላችሁ?

የቢቸና ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቴ የሻረግ የሞጣ ልጅ ነበረች። ከቢቸና ሞጣ ሩቅ አይደለም። ከእኛ ቤት እነሱ ቤት ግን ሩቅ ነበር። የመሬት አዋጁ ሲታወጅ የእኛ ቤት እልል አለ፤ የእነሱ ቤት እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጠ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ ነው። አማቴ ደግሞ መሬታቸውን ለሰው ሲያሳርሱ የኖሩ ናቸው።

ታዲያ እንዴት ተጋባችሁ ትሉኝ ይሆናል። የሻረግ ቢቸና አጎቷ ቤት ተቀምጣ ትማር ነበር። ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ለካኋት። ነገሩ ይኸው ነው። ቀሚሱን ሦስቴ አበላሸሁት፤ ሦስቴ እንድትመጣ።

ሠርጋችን ላይ የእኛዎቹ በቀኝ፣ የሞጣዎቹ በግራ ተቀመጡ። አንድ ብርሌ እንኳ ከዚህ ወደዚያ አልተሻገረም። እኔ ሲከፋኝ አየችና የሻረግ ጆሮዬ ላይ፣ «አይዞህ፣ ልጅ ሲወለድ ይሻገራሉ» አለችኝ።

ልጅ ተወለደች። የሻረግ በወሊድ ሄደችብኝ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። አልችልበትምም።

እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል። እውነት ነው። ልዩነቱ፣ ወንዝ የወረደችው እንስራዋን ይዛ ትመለሳለች።

የታላቅ ወንድሜ የአያ ሙላት ሚስት ዝማም ያኔ የምታጠባው ልጅ ነበራት። ከቀብር ስንመለስ ማንም ሳይለምናት ሕፃኗን ከእጄ ወሰደች። «ሁለት ጡት ነው ያለኝ፤ አንዱ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል» አለች። የየሻረግ እናት እማማ ስንዱም ቅቤያቸውን በቅል ይዘው ከሞጣ መጡ። ልጅቷን «ምትኬ» ብለው ጠሯት። ያጥቧታል፣ ይቀቧታል፣ ያስተኟታል። ከአያ ሙላት ቤት ግን ውኃ አይቀምሱም። በመሬታቸው መወሰድ እልል ያለ ቤት ነዋ! ከዝማም ጋርም አይነጋገሩም። አንዷ ታጠባለች፣ አንዷ ተቀብላ ታስገሳለች። ሕፃኗን ብቻ ይቀባበላሉ።

እንዲህ ስንኖር ምርጫ መጣ።

አያ ሙላት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ስብሰባ ይወዳል እንጂ። አንዳንዱ ሰው ጠላ ይወዳል፤ እሱ ስብሰባ። እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ ይጠራናል። «ጓዶች!» ብሎ ከጀመረ ምሳ ሰዓት ያልፋል። ሰው ሰለቸውና ሌላ ተወዳዳሪ አቆመበት። ማንን አትሉኝም? የየሻረግን አጎት ጋሽ ታደለን! ጋሽ ታደለ ግንበኛ ናቸው። ከድንጋይ ጋር ይውላሉ፣ እንደ ድንጋይ ዝም ይላሉ። የተወደዱትም ለዚሁ ነው።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ከሁለት ያጣ ሆነ። አያ ሙላት ስፌት ቤቴ ብቅ ይልና፣ «ሥጋህን እንዳትረሳ» ብሎኝ ይሄዳል። ጋሽ ታደለ ምንም አይሉም። በር ላይ ቆም ብለው ያዩኛል። ይኼ ይብሳል። እማማ ስንዱ ቅቤ ሊያመጡ ወደ ሞጣ ሲነሡ፣ «የማን ልጅ እንደታቀፍክ አትርሳ» አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ወንድሜን ብተው የልጄ ወተት ሊቀር ነው። ጋሽ ታደለን ብተው አያቷ ሊቀሩ ነው። ምትኬ ደግሞ ያለ ሁለቱ አታድግም። ልቅር አልኩ። የቀረ ሰው የስኳር ካርዱን ይነጠቃል ተብሎ ነበር፤ ስኳሩም ይቅር አልኩ። አብዮት ጥበቃው ግን በሬን ደብድቦ አወጣኝ። ልጄን ታቅፌ ወጣሁ።

በእኛ ቀበሌ የሚመረጠው በሰልፍ ነው። ተወዳዳሪው ይቆማል፤ የመረጠው ከኋላው ይሰለፋል። ምሥጢር የሚባል የለም። ከማን ጀርባ እንደቆምክ ጎረቤትም ያይሃል፣ ወንድምም ያይሃል።

ወሩ ሚያዝያ ነው። ንግግሩ ረዝሞ ቀትር ሆነ። አያ ሙላት ሊቀመንበር ነውና ግቢው መሐል፣ ባንዲራው አጠገብ ቆመ። ዝማም ልጇን አዝላ ከኋላው ተሰለፈች። ጋሽ ታደለ ማይክራፎን ይፈራሉ፤ ራቅ ብለው ከአጥሩ ጥግ ሾላው ሥር ቆሙ። ሰው ግራና ቀኝ ተከፈለ። እኔ መሐል ቀረሁ። ወንድ ልጅ ሕፃን ታቅፎ አደባባይ ሲቆም ቢቸና አልተለመደም። አንዱ፣ «አጥባት እንጂ!» አለኝ። ግቢው ሁሉ ሳቀ።

ምትኬ ማልቀስ ጀመረች። በነጠላ ከለልኳት። ታፈነች። ገለጥኳት። ፀሐዩ አናቷን መታት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ከዚያ ለቅሶዋ እየቀጠነ መጣ፤ ያ ነው ያስፈራኝ። አንድ ሰው ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ መቅበር አልችልም።

«መሐል ያለኸው! ምረጥ!» አለ አስመራጩ።

ፀሐዩን አየሁ። ሾላውን አየሁ። ሄድኩ።

ሾላው ሥር እንደደረስኩ ምትኬ ዝም አለች። እፎይ አልኩ። ቀና ስል ሕዝቡ በሙሉ እኔን ያያል። ለካ መርጫለሁ።

ተቆጠረ። አያ ሙላት በአንድ ሰው ተበለጠ። አንዱ ደጋፊው፣ «የታቀፋትም ተቆጥራለች!» ብሎ ጮኸ። አስመራጩ እንደገና በዱላው ጫፍ እየነካካ ቆጠረን። ልጄን ዘለላት። ያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ እኔ ለምን እንደመረጥኩ ከእኔ በቀር የማያውቅ ሰው ጠፋ። የጋሽ ታደለ ሰዎች፣ «ከሥጋው እውነት በለጠበት» አሉ። የአያ ሙላት ሰዎች፣ «አድኃሪ አማቶቹ በቅቤ ገዙት» አሉ። አያ ሙላት ራሱ መጣና ፊቴ ቆመ።

«መሐል ሰፋሪ ነው እልህ ነበር። ተሳስቻለሁ። መሐል ሰፋሪ ቢያንስ መሐል ላይ ይቆማል!»

ጥላው ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ማን ያምነኛል? ዘጋሁት።

ይህን ጊዜ ዝማም የራሷን ልጅ እንዳዘለች ግቢውን አቋርጣ ወደ እኔ መጣች። ሰው ሁሉ እያየ ምትኬን ተቀብላ ሾላው ሥር ተቀመጠችና ጡቷን ሰጠቻት።

«ወዴት ነው አንቺ?» አላት ባሏ።

«ምርጫው አልቋል አይደል? ልጅቷ ርቧታል» አለች።

አያ ሙላት ዘጋኝ። ስፌት ቤቴ አይመጣም። መንገድ ላይ ካየኝ ይሻገራል። ቤቱ ስሜ እንዳይነሣ፣ ዝማምም እኔ ቤት እንዳትረግጥ ብሎ አዘዘ። ዝማም ግን ጠዋትም ማታም ትመጣለች። «የት ነበርሽ?» ሲላት «ጎረቤት» ትላለች። እኔ ደግሞ በየቀኑ እፈራለሁ። አንድ ቀን ያውቅና ያስቀራታል እላለሁ።

አንድ ማታ ዝማም እየሳቀች ገባች። እራት ሲበሉ አያ ሙላት ቀና ብሎ፣ «ጎረቤት አትሄጂም እንዴ ዛሬ? መሽቷል እኮ፣ ጎረቤት ይርበዋል» ብሏታል። ለካ ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል! ዘግቶኝ ሳለ ልጄን ሲያስጠባልኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በሐዘን እንዳይመስላችሁ።

ግን አሁንም አይናገረኝም።

የየሻረግ ሙት ዓመት ሞጣ አባቷ ቤት ተደገሰ። አያ ሙላትም መጣ። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ ለሚስቱ፣ «ለሟቿ ብዬ ነው የምሄደው። ለእሱ እንዳይመስለው ንገሪው» አላት። ዝማም ዞራ ነገረችኝ። እንደ ሠርጋችን ዕለት ዳሱ ውስጥ የእኛዎቹ በቀኝ፣ የሞጣዎቹ በግራ ተቀመጡ።

ከተበላ በኋላ አማቴ ተነሡ። ሊያመሰግኑኝ ነው። ምነው በቀረብኝ! «ይኼ ልጅ አማቼ ብቻ አይደለም። በሕዝብ ፊት የገዛ ወንድሙን ትቶ ከእኛ ጋር የቆመ ነው» አሉ። የሞጣዎቹ አጨበጨቡ።

አያ ሙላት ጋቢውን አጣፍቶ ብድግ አለ። «ዝማም፣ ተነሺ።»

ዝማም ምትኬን እያጠባች ነበር። አልተነሣችም። ልጅቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ እኔን አየች። ዛሬ እንዲህ ተዋርዶ ከወጣ ዳግመኛ አይመለስም። ሚስቱም፣ ወተቱም፣ ወንድሜም አብረው ሊሄዱ ነው።

የየሻረግ አያት ወንድም የኔታ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን አልደከመም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ለመሆኑ ለምን እዚያ ቆምክ?»

እስከዚያች ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ይነግረኛል እንጂ አይጠይቀኝም።

«ጥላ ነበረው፣ የኔታ» አልኩ። «ልጄን ፀሐይ መታብኝ።»

ሳቁ። በቀኝም በግራም ሳቁ። የኔታ አልሳቁም። እንዲህ አሉ፦

ወንድሙን ያስከዳው፣ ሾላ ሥር ያቆመው፣
ሌላ አይደለም እኮ፣ እናቷ ጥላ ነው።

«ይበል!» አሉ ቅኔ ያወቁት። ቀጥሎ ሳቁ ቆመ።

ላልለመደ ልንገር። ላይ ላዩን ሲሰሙት፣ ለዚች ሕፃን እናቷ የሾላው ጥላ ነው ማለት ነው። ውስጡን ሲሰሙት፣ እናቷ ጥላት ስለሄደች ነው ማለት ነው። አንዲት ቃል ናት። እኔ ስንት ወር ሙሉ ልናገረው ያቃተኝን የኔታ በአንድ ቃል ተናገሩት።

አያ ሙላት ዳሱ በር ላይ ቆሟል። በልጅነቱ ከቅኔ ቤት የጠፋ ሰው ነው። ቢሆንም የጎጃም ልጅ ነው፤ ጆሮው አልጠፋም።

«የኔታ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» አለ።

ደገሙለት። ተመልሶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ፀሐይ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«መች ጠየቅከኝ?»

«እኔንም እኮ ራሴን ፈልጦኝ ነበር» አለ።

እማማ ስንዱ ዋንጫ ሙሉ ጠላ ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገሩ። ለአያ ሙላት ሰጡት። ጠጣ። ከዚያ ዝማም አጠገብ ተቀመጡና፣ «በይ ስጪኝ፣ ላስገሳት። ደክሞሻል ልጄ» አሏት። ያን ሁሉ ጊዜ ሕፃን ሲቀባበሉ ከርመው የተነጋገሩት የዚያን ዕለት ነው።

የሻረግ «ይሻገራሉ» ብላኝ ነበር። አልተሳሳተችም። አላየችውም እንጂ።

ሰው ሐዘንህ እንዴት ነው ይለኛል። ሐዘኔ አለ፤ የትም አልሄደም። ግን ማታ ማታ ሳስበው ከሐዘኔ ይልቅ ምስጋናዬ ይበዛብኛል። ዝማምን አመሰግናለሁ። እማማ ስንዱን አመሰግናለሁ። «ጎረቤት ይርበዋል» ያለውን ወንድሜን አመሰግናለሁ። ሾላውንም አመሰግናለሁ፤ እሱ ለማን እንደቆመ ጠይቆን አያውቅም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ትምህርት ይሆን ነበር። ግን ሌላ ምርጫ መጣ።

አያ ሙላት እንደገና ተወዳደረ። «ከአለፈው ተምሬያለሁ» አለኝ። «ሕዝብ የሚሻው ጥላ ነው።» ገና ሳይነጋ ሄዶ ሾላው ሥር ቆመ። ጋሽ ታደለ አሁን ሊቀመንበር ናቸውና ባንዲራው አጠገብ፣ ገላጣው ላይ ቆሙ።

አያ ሙላት አንድ ነገር ረስቷል። ጋሽ ታደለ ንግግር አያውቁም። «በሉ ምረጡ» ብለው ጨረሱ። ስለዚህ ምርጫው በጠዋት ሆነ። ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ ነው። የቢቸናን የታኅሣሥ ጠዋት ታውቁታላችሁ? ሣሩ በአመዳይ ነጭቷል። የሰው ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ፀሐይዋ ገላጣው ላይ ብቻ ወጥታለች። ሕዝቡ አንድ በአንድ እጁን እያፋተገ ወደ ፀሐዩ ሄደ። ዝማም ምትኬንና የራሷን ልጅ ግራና ቀኝ ይዛ ባሏን አየችው፣ ፀሐዩን አየችው። «ልጆች ይዣለሁ» አለችና እሷም ሄደች።

እኔ ሾላው ሥር ሄድኩ። ማንም አላስገደደኝም። የታቀፍኩትም ልጅ አልነበረም። በሕይወቴ አስቤ የመረጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከወንድሜ ጀርባ ቆምኩ። ከእኔ ጀርባ ማንም አልነበረም። አያ ሙላት ጋቢውን ገልጦ ግማሹን አለበሰኝ። አስመራጩ እኛን ለመቁጠር ዱላውን እንኳ አላነሣም።

ወንድሜ ትንሽ ቆይቶ ዞሮ አየኝ።

«ባለፈው አንተ ሄደህ ወደቅሁ» አለ። «ዛሬ አንተ መጥተህ ወደቅሁ። ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ከምትወደኝ ቤትህ ዋል!»