ለቅሬ የሚሆን ፕሪንተር

መምረጥ ቀላል የሚመስለው ሌላ ሰው ሲመርጥ ነው። ባል ለመረጠች ጎረቤት፣ በግ ለገዛ አጎት አስተያየት ነፍጎ የሚያውቅ ማን አለ? እኔም በሰው ምርጫ ላይ ሊቅ ነበርኩ፤ የሰፈራችን ቅሬ ፕሪንተር ምረጪልን እስኪለኝ ድረስ።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የኛው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ድንኳን ያስለቅሳል፣ በአንድ ድንኳን ያጽናናል። የለቅሶ ጥሪው እስካሁን በእጅ ሲጻፍ ኖሯል። የቅሬው ዳኛ ሐጂ ሰይድ ግን ዘመኑን አይተው ማሽን ይገዛ፣ የምትሠራበትም የተማረች ልጅ ትቀጠር አሉ። የተማረችው ልጅ እኔ ነኝ፤ ተመርቄ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ታዲያ ቅጥሩ እንዲሁ አልተሰጠኝም። የመረጥኩትን ማሽን በጉባኤ ፊት አስረድቼ ካሳመንኩ ጸሐፊ ነኝ፤ ካላሳመንኩ ወደ መጻሕፍቴ።

በጉባኤ ፊት! እኔ እኮ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ፒያሳ ድረስ ሄጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ።

ማንበብ ግን አላፍርም። ሁለት ሳምንት ስለ ፕሪንተር ያላነበብኩት የለም፤ ደስታው ምሳ አስረሳኝ። ፒያሳ ካሉት ሱቆች አንዱ ገብቼ ጥያቄዎቼን ከደብተር ላይ ሳነብለት ባለሱቁ ፈተና ነው እንዴ እህቴ አለኝ። ኮምቦልቻም ወርጄ በዚያ ሙቀት ማሽን ሳገላብጥ ዋልኩ። እናቴ «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» እያለች ታስፈራራኛለች። እኔ ግን እንደ ንጉሥ አማካሪ እያመዛዘንኩ ነበር። ባለ ፈሳሽ ቀለሙ ሲገዛ ርካሽ ነው፣ ፎቶም በቀለም ያወጣል። ባለ ዱቄት ቀለሙ ጥቁር ብቻ ነው፣ ዋጋውም ጠንከር ይላል፤ ግን ፈጣን ነው፣ ቀለሙም ለብዙ ወረቀት ይበቃል። ልቤ ወደ ዱቄቱ አደላ።

የጉባኤው ዕለት ዓይኔን ከወረቀቴ ሳላነሳ ማንበብ ጀመርኩ። በደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚያወጣ ተናገርኩ፤ ማንም አልተደነቀም። ገንዘብ ያዧ እትዬ በላይነሽ ተነሡና እሳቸው ቀለም ያለውን እንደሚሹ፣ የሟች ፎቶ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲወጣ ሰውየው ሁለተኛ እንደ መሞቱ እንደሚቆጠር አስረዱ። ቤቱ በሙሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው እያለ ተንጫጫ። ሥራዬ በዓይኔ እያየሁት በበሩ ወጣ።

ከወረቀቴ የቀረችው አንዲት መስመር ነበረች፤ እንደ ተራ ነገር መጨረሻ ላይ የጻፍኳት። በቀጠነ ድምፅ አነበብኳት። ባለ ፈሳሹ በየሳምንቱ ካልታተመበት ቀለሙ ይደርቃል፣ ማሽኑም ይበላሻል።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ ይኼ ማሽን የሚያትመው የለቅሶ ጥሪ ነው አይደል?»

ነው አልኳቸው።

«እና በየሳምንቱ አንድ ሰው ካልሞተለት ይበላሻል ነው የምትይን?»

የተማረችው እኔ፣ የለም ሐጂ፣ ሰው ባይሞትም አንድ የሙከራ ወረቀት ማተም ይበቃዋል ልትል አፏን ከፈተች። ዓይናፋሯ እኔ ዘጋችባት። ዕድሜ ልኬን ስታከስረኝ የኖረች ዓይናፋርነቴ ያን ቀን አተረፈችልኝ።

መጀመሪያ ያማተቡት እትዬ በላይነሽ ናቸው። «ወዲያ! እንኳን ልንገዛው፣ በደጃችንም እንዳያልፍ» አሉ። ሐጂ አስተግፊሩላህ አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባለ ዱቄቱም፣ እኔም በሙሉ ድምፅ አለፍን።

ማሽኑ መጥቶ የተተከለ ዕለት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ ወንበር፣ የራሴ ቁልፍ! ያለ ምርቃት ሥራ አይጀመርምና ሽማግሌዎቹ ከበቡን፤ ሐጂም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

«ያ ረብ፣ ይህችን ማሽን ሥራ ፈት አድርግልን። ልጅቱንም ሥራ አሳጣልን።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ እንዳገኝ ብቻዬን ስጸልይ ኖርኩ፤ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ላይ ሆኖ ሥራ እንድፈታ ለመነልኝ። ምን ልበል? ከሁሉም ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።