የሞተር ሕመም በጭብጨባ ሲታከም

ሕመምን በጩኸት የሚያክም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም መሪ ጨብጦ።

ጊዜው የደርግ ነው። ሞጣ ያለችውን ልጄን ምጥ ይዟታል ቢሉኝ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለምኜ ከቢቸና በሹፌሩ በአለነ አሮጌ መኪና ተሳፈርኩ። ገና ከከተማው ሳንወጣ ሞተሩ እንደ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይል ጀመር።

«አለነ ልጄ፣ ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ቫልቩን የሚገፋው ፑንተሪያ ነው፣ እመይቴ። ያረጀ ነገር መቼም ወሬ ያበዛል፤ ምንም አይደለም።»

«ዘይት ጠምቶት ቢሆንስ?»

«እርስዎ ደግሞ ስጋትዎ! ይልቅ ጨዋታ አምጡ፤ አጨብጭቡ እንጂ!» አለ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ።

ማጨብጨብስ በየስብሰባው ለምደን የለ? መኪና ሙሉ ሰው አጨበጨበ። እኔ ብቻ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ኳኳታውን አዳምጣለሁ፤ በየኳኳታው ልጄ ትታየኛለች። አንድ ዳገት ወገብ ላይ ስንደርስ ሰዉ እጁ ዝሎ ጭብጨባው በረደ። ኳኳታውም የለም።

«አላልኳችሁም? ተሻለው!» አለ አለነ በኩራት።

ለካስ ሞተሩ ራሱ ጠፍቷል።

ኮፈኑ ሲከፈት የዘይት መለኪያው ዘንግ ደርቆ ወጣ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ፣ ከመቀመጫ ሥር የተገኘውም ዘይት እስኪጨመር፣ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። በመጨረሻ ሲነሳ ኳኳታው ለዘብ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ሞጣ ጆሮዬን ከሞተሩ አላነሳሁም።

ስደርስ ልጄ ደክማ ተኝታለች፤ የልጅ ልጄ ጣራውን እስኪነቀንቅ ያለቅሳል።

«ቆይ ዝም ላሰኘው» አለች አዋላጇ።

«ተይው እናቴ» አልኳት፤ «ይጩህ።»