አሥራ አራቱ የኤፊ ጊልፊላን ምርጥ ዘፈኖች

የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ለማሳተም ምርጥ ዘፈኖች ሊኖሩ ይገባል የሚለው ኋላ ቀር አስተሳሰብ በሠለጠነው የሙዚቃ ዓለም ከተወገደ ሰንብቷል። የሚያስፈልገው ራእይ ነው። ራእይ ደግሞ ከለንደን በመጡት በአቶ ክሪስፒን ሃርግሬቭ ዘንድ ሞልቶ የተረፈ ነበር። የሥራ መደባቸውም «የነባር ድምፆች እሴት ማጎልበቻ ዋና ዳይሬክተር» ይባላል።

እኚህ ሰው ከግላስጎው በስተ ምዕራብ ወዳለች አንዲት የወደብ ከተማ ወርደው ነባሯን ድምፅ አሳና ድንች ጥብስ ቤት ውስጥ፣ የፈላ ዘይት ፊት ቆማ አገኟት። ኤፊ ጊልፊላን ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት «ጃንጥላዬን መልስ» ብላ ዘፍና ስኮትላንድን ከዳር እስከ ዳር አስጨፍራለች። ዛሬም ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አጎት ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ይህ ዘፈን ሲመጣ ነው። ከዚያ በኋላ የዘፈነቻቸውን ግን የገዛ እናቷም አላዳመጠቻቸውም።

«አሥራ አራት ዘፈን ያለው ስብስብ እናወጣለን» አሏት ዳይሬክተሩ።

«እኔ እኮ ሰው የሚያውቅልኝ ዘፈን አንድ ነው።»

«ጥንካሬያችን እሱ ነው፣ ወይዘሮ ጊልፊላን። አድማጩ አይደናገርም።»

በዚህም መሠረት ኩባንያው ጥልቅ ጥናት አካሂዶ ጃንጥላውን በአሥራ ሦስት ፈርጅ አደራጀው። ረጅሙ ጃንጥላ አለ፣ አጭሩ አለ፣ ግጥም የሌለው አለ፣ ሙዚቃ የሌለው አለ። የእግር ኳስ ደጋፊዎች ዳኛ ለመስደብ ግጥሙን ለውጠው ያዜሙት እንኳን አልተረሳም፤ ስድቡ በደወል ድምፅ ተሸፍኖ «ሕዝባዊ ትርጓሜ» በሚል ስም ገባ።

«አሥራ አራተኛዋን ለእኔ ተዉልኝ» አለች ኤፊ። ባሏ ዊሊ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወደቡ ላይ ቆሞ የመርከብ ገመድ ሲያስር ኖሮ ከሁለት ክረምት በፊት ሞቷል። እሷም በቀብሩ ማግስት «ገመድ አሳሪው» የሚል ዘፈን ጽፋለታለች። የሰውዬው ስም የተጻፈው መቃብሩ ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሌላ ቦታ ላይ እንዲኖር ፈለገች። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

«ስሜትዎን እናከብራለን» አሉ ዳይሬክተሩ። «ስሜት ግን መመዘን አለበት።»

ምዘናውም በመጪው ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ እንዲካሄድ ተወሰነ። ኤፊ ሁለቱን ዘፈኖች ትዘፍናለች፤ ሕዝቡ ቅጽ ይሞላል፤ ከመቶው ሰባው «እጅግ ወደድኩት» ካለ ዊሊ ይገባል።

ኤፊ ይህን ስትሰማ ክው አለች። በዚያች ከተማ ሰውን ማመስገን ነውር ነው፤ ጭንቅላቱን ያሳብጠዋል ተብሎ ይፈራል። እሷ በአገሩ አንደኛ በወጣች ቀን እናቷ በቴሌቪዥን አይታት «ጫማሽ ቆሽሾ ነበር» አለቻት፤ ኤፊም እናቷ እንደኮራችባት ገባት። ከምስጋና ሁሉ የላቀው «አይከፋም» ነው፤ እሱንም ሳያገኝ የሚቀበረው ሰው ይበዛል። «ግሩም፣ ድንቅ» የሚባለው ለማይረባ ነገር ነው፤ ወይም ዓይኑን ማየት ለማይፈለግ ሰው።

ስለዚህ አብሯት አሳ የምትጠቀልለውን የልጅነት ጓደኛዋን ኔታን ለመነቻት።

«አንድ ቀን ብቻ፣ ወደድነው ብላችሁ ጻፉልኝ። ለሁሉም ንገሪልኝ።»

«ምን አድርገሽን ነው እንዲህ የምንሰድብሽ?» አለች ኔታ።

«ወረቀት ላይ እኮ ነው።»

«ወረቀት ላይማ ይብሳል። ይቀመጣል።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ጃንጥላው ሲዘፈን ሕዝቡ እንደ ልማዱ ዘለለ፣ ጮኸ፣ አጨበጨበ። «ገመድ አሳሪው» ሲዘፈን ግን ዝም አለ። የዊሊ ታላቅ ወንድም አርቺ ለማጨስ ወጣ፤ አርቺ ማጨስ ከተወ ዓመታት አልፈዋል።

ዳይሬክተሩ ውጤቱን በሐዘን አነበቡት። «"የባሰም ሰምተናል" ያሉ ስልሳ ሁለት። "ይሄን ያህል ለዊሊ?" ያሉ ዘጠኝ። "አይከፋም" ያለ አንድ።»

ኤፊ ያቺን አንዷን ወረቀት ተቀብላ አየቻት። የአርቺ እጅ ጽሑፍ ነው። እንባዋ መጣ።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ምስጋና ነው። ከዚህ በላይ የለም።»

«ሐዘንዎ ይገባናል፣ ወይዘሮ ጊልፊላን። በቅጹ መሠረት ግን "አይከፋም" ከአምስት ሁለት ነው። ጃንጥላውን ይመልከቱ፤ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ እጅግ ወዶታል።»

«እሱማ ስለሰለቻቸው ነው።»

ዳይሬክተሩ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ሳይንስ ከሐሜት ጋር አይከራከርምና በአሥራ አራተኛው ቦታ የዝናብ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ጃንጥላ ገባ።

ስብስቡ በመጸው ወጥቶ በዚያው አዳራሽ ተመረቀ። ዳይሬክተሩ ስለ ቅርስ፣ ስለ ትውልድና ስለ ሽያጭ ዕድገት አርባ ደቂቃ ተናግረው የሕዝቡን አስተያየት ጠየቁ። ሕዝቡ ዊሊ መቅረቱን ሰምቷል። ቀድሞ የተነሣው አርቺ ነበር፤ የሰውዬውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ክቡርነትዎ፣ እንዲህ ያለ ድንቅ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ኤፊ ፊቷ ነጣ። ከአርቺ ቀጥሎ የመጋቢው ሚስት ተነሥታ «ግሩም ነው፣ በተለይ ዝናቡ» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው፤ ተራ ይዘው ይጨብጧቸው ጀመር። ዳይሬክተሩ በደስታ ቀልተው ያመሰግናሉ።

«ኔታ፣ ይብቃችሁ» አለች ኤፊ በሹክሹክታ። «ሰውዬው ሚስትና ልጆች አሉት።»

«ገና መቼ ጀመርን» አለች ኔታና ተራዋን ልትይዝ ሄደች። ስትደርስም ሊቅ ነዎት አለቻቸው።

መኪናቸው እንደራቀ አርቺ የአዳራሹን በር ዘጋ።

«በይ እስቲ ያንን የወንድሜን ነገር አምጪው። ሌላ የሚሰማ ስለጠፋ ነው።»

ዘፈነችው። አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሁለተኛ አዘፈኗት፣ ሦስተኛም አዘፈኗት፤ ኔታም በመጨረሻ አፍንጫዋን ጠርጋ «ከመሃል ላይ ትንሽ ይረዝማል» አለች። ኤፊ ጃንጥላው አንደኛ በወጣ ቀን እንኳን እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

የኩባንያው የዓመት ሪፖርትም ስለዚህች ከተማ በልዩ ሁኔታ አንሥቷል። ነዋሪዎቿ የልባቸውን በግልጽ የሚናገሩና አድናቆታቸውን የማይቆጥቡ ሆነው በመገኘታቸው፣ ከእንግዲህ ኩባንያው የሚያወጣው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ በእነሱ እንዲመዘን ተወስኗል።