ፕሮፌሰሩ በሚንቀጠቀጠው ማሽን ላይ

ሕመሙን ከሐኪሙ በላይ የሚያውቅ ታካሚ የሌለበት ክሊኒክ በዓለም ላይ የለም፤ ካለም ገና አልተከፈተም። የፊዚዮቴራፒስቷ ዕጣ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ የደረሷት ክቡር ፕሮፌሰር ጋሼ ሹፌር ናቸው።

ፕሮፌሰርነቱን የሸለሟቸው የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ሹፌርነቱ ግን የራሳቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተዋል። ጡረታ ሲወጡ ጡንቻቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጣ። ጭናቸው ሟሸሸ፣ ሱሪያቸው ከወገባቸው ጋር ተኳረፈ፣ ከወንበር ለመነሳት ሚስታቸውን መጣራት ግድ ሆነ። ሐኪሙ መርምሮ፣ "የወንድ ሆርሞንዎ አንሷል፤ ጡንቻዎን ያከሳው እሱ ነው" አላቸው። መድኃኒት አዘዘላቸውና፣ ጎን ለጎን የንዝረት ሕክምና እንዲሞክሩ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ላካቸው።

"ሆርሞን አትበይ፣ ሰው ይሰማል" አሏት ገና በመጀመሪያው ቀን። "ዘይት በይ። ዘይት አንሶኛል።"

ማሽኑ እንደ ሚዛን ወጥተው የሚቆሙበት ነው፤ ሲበራ ሰውን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ያርገፈግፋል። ሌላው ታካሚ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ፕሮፌሰሩ ግን ዝምታ አልፈጠረባቸውም።

"ጉ-ጉ-ጉልበት ሰ-ሰበር ይ-ይደረጋል!"

"ጋሼ፣ ባለሙያዋ እኮ እኔ ነኝ።"

"አ-አውቃለሁ ል-ልጄ! ለ-ለዚህ ነው የ-የምመክርሽ!"

ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ለጥርስ ሕመምም፣ ለእንቅልፍ እጦትም ንዝረት ያዝዛሉ። አንዷ ባሏ ቆንቋና መሆኑን ብታማላቸው፣ "አምጪውና ማሽኑ ላይ ይቁም፤ ኪሱ ይራገፋል" አሏት።

አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ፊቷን ዞር ስታደርግ ፍጥነቱን ጥግ ድረስ ለቀቁት። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ተስፈንጥሮ ወጣና በሩ ላይ ተራ የምትጠብቅ ሴት ቦርሳ ውስጥ ገባ። ሴትየዋ ጮኸች።

"አይዞሽ፣ አይናከስም!" አሉ በድዳቸው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ማሽኑን አጥፍታ ጮኸችባቸው፤ ቢወድቁስ፣ ቢሰበሩስ! ፕሮፌሰሩ አቀረቀሩ።

"ባለቤቴ ወገቧን ታማለች" አሉ ቀስ ብለው። "እኔን ስታነሳ ነው የተጎዳችው። ቶሎ ቢሻለኝ ብዬ ነው።"

ቁጣዋ በረደ። "ጥድፊያ ጡንቻ አያበቅልም፣ ጋሼ" አለቻቸው፤ ጥርሳቸውንም አጥባ አመጣችላቸው።

ወራት አለፉ። ያለ ሰው እርዳታ ከወንበር መነሳታቸው በሚፈተንበት ቀን ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አብራቸው የመጣችው ሚስታቸው ከልማዷ የተነሳ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ሳይነኳት፣ እየተንገዳገዱ፣ ብድግ አሉ!  በዚያ ቀን ያወራችው እሳቸው ሳይሆኑ ሚስትየው ነበረች፦ "ውይ አንተ ሰው! ቁመትህን እኮ ረስቼው ነበር!"

"ከእንግዲህ መመላለስ አያስፈልግዎትም" ተብለው ተሸኙ። ፊዚዮቴራፒስቷም ለጽዳት ሠራተኞቹ "ተገላገልን!" አለች። በማግስቱ ክፍሉ ጭር አለባት። ሬዲዮ ከፈተች፤ እሱ ደግሞ አይከራከራትም።

ሳምንቱ ሳይገባደድ በሩ ተበረገደ። ፕሮፌሰሩ አንድ አንገተ ወፍራም ጭነት አውራጅ እጁን ይዘው እየጎተቱ ገቡ።

"እሱ ደግሞ ማነው?"

"ጎረቤቴ ነው።"

"ምኑን አመመው?"

"እሱን እንኳ አልደረስንበትም፤ አንቺ ፈልጊለት እንጂ!"

ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት። ጎረቤትየውን ወደ ሥራው መለሰችው። ከዚያ በማሽኑ ላይ መያዣውን በፍርሃት ሙጭጭ አድርጋ ወደያዘች አዲስ ታካሚ አገጯን ቀሰረች።

"በሉ ጋሼ፣ ንገሯት" አለች። "እኔን አልሰማ ብላለች።"